የትኛው ውኃ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ‹‹ስትሪም›› ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቀራራቢ ፍቺ ያለውን ምረጡ። ሀ/ ብሩክ፣ ለ/ ክሪክ፣ ሐ/ ሪቨር፣ መ/ ቶረንት። የእኅቴ ልጅ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ወረታ ከሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቱን ጮክ ብላ ስታነብ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ የሚሞቁት አያቷ ቀና አሉ።

‹‹ብሩክ የማን ልጅ ነው?››

‹‹ሰው አይደለም አባባ፤ የውኃ ስም ነው። ትንሽ ወንዝ ማለት ነው።››

‹‹ክሪኩስ?››

‹‹እሱም ትንሽ ወንዝ ነው።››

የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው አጎቷ ከጓሮ ሆኖ ‹‹ክሪክማ ጎማ ሲተነፍስ ነው የሚፈለገው!›› ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ሪቨር ደህና ወንዝ፣ ቶረንት ደግሞ እየጋለበ የሚመጣ ኃይለኛ ውኃ መሆኑን አንድ በአንድ ካስተረጎሙ በኋላ ትንሽ አሰቡና ‹‹አንች ልጅ፣ ወሩን ጽፈውልሻል?›› አሉ።

‹‹የምን ወር?››

‹‹ወሩን ሳይነግሩሽ እንዴት ብለሽ ትመልሻለሽ? ወንዛችን ርብ በመጋቢት ያ የሰው ስም ያለው ነው። ሰኔ ሲገባ ሁለተኛው ይሆናል። ሐምሌ ላይ ሦስተኛው። ነሐሴን ከጠየቁሽ የመጨረሻው ነው፤ ስሙን እንኳ አልችለውም።››

ከምርጫዎቹ መካከል ‹‹ሁሉም መልስ ናቸው›› የሚል አልነበረም። ልጅቱ ‹‹ሀ››ን አጥቁራ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ፈተና ነውና ትክክል ሠርታለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሰው ስለ ውኃ ሲያወራ ጆሮዬን ጣል ማድረግ ለመድሁ።

ለነገሩ ቃሉ ራሱ ለወረታ እንግዳ አይደለም። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሁሉ ‹‹ስትሪም›› ይመርጣል፤ ናቹራል ወይ ሶሻል። ወላጅም ‹‹ልጄ ናቹራል ስትሪም ገባ›› ሲል የሚሰማው ልጁ ውኃ ውስጥ ስለመግባቱ ሳይሆን ነጭ ጋዋን ስለመልበሱ ነው። የውኃ ፍሰት የሚባለውም ‹‹ከረንት›› እኛ ዘንድ በሽቦ የሚመጣ ነገር ሆኗል፤ ሰውን ሲይዝ እንጂ ሲፈስ አይታወቅም። ቢሮ ከገባችሁማ የማይፈስ ነገር የለም፦ የመረጃ ፍሰት፣ የሥራ ፍሰት፣ የገንዘብ ፍሰት፣ የባለጉዳይ ፍሰት። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት ሲፈስ ያየሁት የባለጉዳዩን ብቻ ነው።

ወደ ውኃው እንመለስ። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጉና አለ። በምዕራብ ጣና አለ፤ እሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ጉና ላይ የወረደ ዝናብ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተንደርድሮ ይመጣና፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ ያልቅበታል። ከዚያ በኋላ ውኃው የት እንደሚሄድ ራሱም ግራ ይገባዋል። መንግሥት ደረቅ ወደብ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ ይኸው ወረታ ነው። ‹‹ደረቅ›› የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው በሐምሌ አልመጣም ማለት ነው።

እዚህ አገር ‹‹ውኃ ገባ›› ከተባለ የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ምን ያህል?›› አይደለም። ‹‹የትኛው?›› ነው። የሰማዩ ነው? የደጋው ነው? ወይስ የባሕሩ?

የሰማዩ ውኃ አይፈስም። ይተኛል። የፎገራ አፈር ዋልካ ነው፤ በጋ ላይ እንደዚያ ተሰነጣጥቆ ዱላ የሚውጠው መሬት፣ ዝናብ በደንብ ሲጠግብ አፉን ዘግቶ አንዲት ጠብታ አላሳልፍም ይላል። ገበሬውም ‹‹ውኃ ተኛበት›› ይላል። በዚህ ውኃ የሚማረር ሰው ብዙ አታገኙም፤ ቢማረርስ ለማን አቤት ይላል? ከላይ የመጣ ነው። ድሮ ጤፉንና ዳጉሳውን ቢጫ ሲያደርገው ያስለቅስ ነበር አሉ። አሁን ግን የሚፈለግ እንግዳ ሆኗል፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የደጋው ውኃ ሌላ ነው። ይኼ ‹‹ደራሽ›› ይባላል፤ ስሙም እንደሚለው አያስጠነቅቅም፣ ይደርሳል። ክፋቱ ወረታ ላይ ፀሐይ እየወጣ፣ ልብስ እየተሰጣ መምጣቱ ነው። ወንዝ የሚሻገር የፎገራ ሰው ብታዩ ውኃውን አያይም፤ ቀና ብሎ ጉናን ነው የሚያየው። አንድ ቀን ጉማራ ወንዝ ዳር የቆመ ጎልማሳ ሳይ፣ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቧል፣ ኮንጎ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ቆቡ ሥር ከትቷል። ሁሉ ተዘጋጅቶ አልተሻገረም። ውኃው ከቁርጭምጭሚት እምብዛም አያልፍም። ‹‹ምን ትጠብቃለህ?›› ስለው በዱላው ጫፍ የውኃውን ጠርዝ አሳየኝ። ደቃቅ ገለባና የደረቀ ቅጠል ተያይዞ እየመጣ ነበር። ‹‹ይኼ የእኛ ገለባ አይደለም›› አለኝ። ገለባው የደጋ ነው፤ ደጋ ያለውን ገለባ ያነሳ ውኃ ደግሞ ከኋላ እየመጣ ነው ማለት ነው። ብዙም አልቆየ፣ ወንዙ ቀለሙን ቀይሮ አፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ እኛም ከተማችን ተመለስን። ‹‹ወንዝ የማያሻግር ምክንያት›› የሚባለውን አነጋገር ከዚያ በኋላ በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው። የአገሬው ምክንያት የማያሻግር ሲሆን ሕይወት ያተርፋል።

የደጋው ውኃ ባዶ እጁን አይመጣም። ከላይ ያሉትን የፋርጣንና የእብናትን አፈር ተሸክሞ ይወርድና ሜዳው ላይ ያራግፈዋል፤ ፋርጣ ያረሰውን ፎገራ ይዘራበታል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱ አገሮች ተቀምጠው ሒሳብ ቢተሳሰቡ ማን ለማን እንደሚከፍል መናገር ይከብዳል። ደለሉ ለማሳ ሲሳይ ነው፤ ለወንዙ ግን ጦስ ነው። ርብ ወደ ጣና ሲጠጋ መሄጃ ቁልቁለት ስለሌለው አሸዋውንና ደለሉን እዚያው መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። መደቡ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ከፍ ሲል ዳርቻው ዝቅ ያለ ይሆናል። ከዚያ ነሐሴ ላይ ‹‹ርብ ሰበረ›› ይባላል። የሰበረው አጥንት አይደለም፤ የገዛ ዳርቻውን ነው። በበጋ ደግሞ ይኸው ርብ አሸዋ የሚጫኑ መኪኖች የሚውሉበት ደረቅ ሜዳ ነው፤ በመሐል አንዲት ቀጭን ውኃ ኮለል እያለች ታልፋለች። ያቺ ነች እንግዲህ ‹‹ብሩክ››።

ከላይ በኩል የርብ ግድብ ተሠርቷል፤ ሥራው የተጀመረው በእኛ ሚሊኒየም አካባቢ ነው። ከፍታው 73 ሜትር ገደማ፣ የሚይዘው ውኃ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የታሰበው በበጋ መስኖ እንዲያጠጣ፣ በክረምት ደግሞ የወንዙን ቁጣ እንዲያበርድ ነው። ከግድቡ በታች የሚገቡ ጅረቶች ግን ግድብ መኖሩን የነገራቸው የለም። አሮጌው የርብ ድልድይ፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ፣ ስለዚህ ወንዝ ጠባይ ብዙ አይቷል። ነገሥታቱ ጎንደር ላይ ቤተ መንግሥት ሲሠሩ ክረምት ላይ የሚያስቸግራቸው ጠላት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ሦስተኛው የባሕሩ ነው። ጣናን የአገሩ ሰው ሐይቅ አይለውም፤ ባሕር ነው። የባሕሩ ውኃ ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አደይ አበባው ሲፈነዳ። ሐይቁ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነውና፣ አዲሱን ዓመት ከተቀበላችሁ በኋላ አሮጌው ዓመት እግራችሁ ሥር ይገባል። ድምፅ የለውም። ‹‹ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል›› የተባለው ስለዚህኛው ነው። ማታ ከብት ታስሮበት ያደረ ሜዳ ጠዋት ላይ ያብረቀርቃል።

የጂኦግራፊ መጽሐፍ ርብንና ጉማራን ‹‹የጣና ገባር ወንዞች›› ይላቸዋል። ይህን ቃል የመረጠው ሰው ሳያስበው ትልቅ እውነት ተናግሯል። የካቲት 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ የሰው ገባርነት ቀረ። ወንዞቹ ግን አዋጁን አልሰሙም። ክረምት በመጣ ቁጥር ግብራቸውን ተሸክመው ይወርዳሉ፦ ውኃ፣ ደለል፣ ግንድ፣ አንዳንዴም ያልታሰረ በግ። ጌታቸው ጣና ከ40 በላይ ገባር አለው፤ መውጫ በሩ ግን አንድ ነው፤ ዓባይ። ክረምቱ ሲያልቅ ጎተራው ይሞላበትና ‹‹አልቀበልም›› ይላል። ገባር ምን ያድርግ? ግብሩን ይዞ ደጅ ይጠናል። ደጅ የሚጠናውም ናበጋና ዋገጠራ በሚባሉት ቀበሌዎች ማሳ ላይ፣ ሰው ቤት ውስጥ፣ የእህል ጎታ ሥር ነው። አንዳንዱ ሰው ወቀሳውን ባሕር ዳር ወዳለው የጫራጫራ በር ያዞራል፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጣናን አወጣጥ የሚቆጣጠረው እሱ ነውና። ለሰማዩ እግዜር፣ ለደጋው ፋርጣ፣ ለባሕሩ ጫራጫራ፦ ለእያንዳንዱ ውኃ ተከሳሽ ተዘጋጅቶለታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚለይ ሰው ባለበት አገር ሪፖርት ሲጻፍ አንድ ቃል ብቻ ይወጣል፦ ጎርፍ። በነሐሴ 1998 ፎገራና ሊቦ ከምከም በውኃ ተውጠው ሕዝቡ ከቤቱ ወጥቶ በየከፍታው ሲጠለል የተባለው ጎርፍ ነው። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 ሰው በላይ ሲፈጅ የተባለውም ጎርፍ ነው። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ በሰዓታት ውስጥ የሄደ ውኃ ነው፤ ከእሱ የሚያድነው ቀድሞ የሚደርስ ጩኸትና ሩጫ ነው። የፎገራው ገብቶ የሚቀመጥ ነው። ከእሱ የሚያድነው ሩጫ ሳይሆን ታንኳ፣ ከፍ ያለ ቆጥ፣ የደረቀ ማገዶ፣ ከብቱን የሚያስጠጋ ዘመድ ነው። ለአንዱ ደወል ትልካለህ፣ ለሌላው ዱቄት። ቃሉ አንድ ከሆነ የሚላከውም አንድ ይሆናል፤ ዱቄቱ ለሚሮጥ ሰው ይደርስና ደወሉ ውኃ መሐል ለተቀመጠ ሰው ይደወላል። በቃላት መራቀቅ የሥራ ፈት ነገር ነው የሚል ካለ በዚህ ላይ ብቻ አልስማማለትም።

ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። የሰማዩን ውኃ ከጠላት ወደ ወዳጅ የቀየረው ሩዝ ነው። ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራች ማኅበራት በኩል ነው። ‹‹ኤክስ ጅግና›› የተባለው ዝርያ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያመጡት እንደሆነ ይነገራል፤ ጅግና የቀበሌው ስም ነው። ‹‹ኤክስ››ን በተመለከተ ማንም አጥጋቢ ማብራሪያ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀውን ነገር ሁሉ ኤክስ እንደምንለው ሳይሆን አይቀርም። ገበሬው መጀመሪያ ‹‹ይኼ ሣር ምንድን ነው?›› ብሎ ናቀው ይባላል። ጤፉ የበሰበሰበት ውኃ ውስጥ ሩዙ ቆሞ ሲስቅ ካየ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዛሬ ወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፤ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፣ ለጠላም ይውላል፣ ገለባው ለከብት ይጠቅማል። የሩዝ ቅይጥ እንጀራ ትኩሱን ሲበሉት ነጭና ለስላሳ ነው። ለነገ ከተረፈ ግን ጥርስን ይፈትናል፤ ስለዚህ እንግዳ ከመጣ ጨርሱት።

እናም አሁን ሐምሌ አጋማሽ ላይ ፎገራ ብትሄዱ ሰዉ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚለምነው እንዲያባራለት አይደለም። ‹‹ውኃው አነሰ›› ብሎ ነው የሚጨነቀው። ከአስፋልቱ ዳር አረንጓዴ ተንጣልሎ ሴቶችና ወንዶች በረድፍ ጎንበስ ብለው ያርማሉ፤ ውኃው ጉልበታቸው ድረስ ነው። ከአውቶቡስ መስኮት የሚያይ መንገደኛ ‹‹ውይ፣ ማሳቸው በጎርፍ ተበላ!›› ብሎ ያዝናል። እነሱ ደግሞ አውቶቡሱ ሲያልፍ ይስቃሉ። የሚያሳዝነውን ውኃ መስከረም ላይ ነው የሚያዩት፤ ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ‹‹ፀሐይ ወጣ፣ ተመስገን!›› እያለ ያልፋል።

ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ የሚተወው መሬት ‹‹ባሕር ሸሽ›› ይባላል። ከቃላቱ ሁሉ እኔን ደስ የሚለኝ ይኼ ነው፤ ያን የሚያህል ውኃ ፈሪ አድርጎ ይናገራል። እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽምብራና ጓያ ይበተንበታል። ጓያ ውኃ አልጠጣሁም ብሎ የማይከስ፣ ውኃ በዛብኝ ብሎም የማይሞት እህል ነው፤ ያለ ልክና ሌላ እህል ሳይቀላቅል ለረጅም ጊዜ የበላውን ሰው ግን እግሩን ያሰናክላል፤ ስለዚህ በልክ ነው። ከዚያ የሽንኩርት ወር ይመጣል፤ የውኃ ሞተሮች ርብና ጉማራ ዳር ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ፣ ያ ሁሉ ሲገፋ የከረመ ውኃ አሁን በቧንቧ ተስቦ ይለመናል። ጥር ላይ በአንዲት ቦይ ውኃ ተራ ምክንያት የሚጣሉ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ነሐሴ ላይ አንድ ቆጥ ላይ አብረው የተቀመጡ ናቸው። ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ደግሞ ከ2004 ወዲህ የተጨመረ ጣጣ ነው፤ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይላል የሚለው ተረት ጣና ዳር ወቀጣ ሳያስፈልግ ደርሷል።

ወደ ተግባሩ ልምጣ። ለሽንኩርት ብለህ ፎገራ ሜዳ ላይ መሬት ልትከራይ የምታስብ አንባቢ ካለህ በመጋቢት ብቻ አይተህ አትዋዋል፤ በመጋቢት ሁሉም ማሳ ደግ ነው። ነሐሴ ላይ አንዴ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አንዴ ሂድና እይ። ባለመሬቱ ‹‹ይህን ማሳ ጎርፍ አይነካውም›› ቢልህ ውሸታም ነው አትበል። ‹‹የትኛው?›› ብለህ ጠይቀው። የሰማዩንም፣ የደጋውንም፣ የባሕሩንም አንድ በአንድ እስኪነግርህ ድረስ ቀብድ አትስጥ።